ናፍጣ የሚሸተው ክፍል

ነግረንሃል አለችኝ። ነግረንሃል፣ እኔ ራሴ ነኝ የነገርኩህ፣ አንተም እሺ ብለህ ዘጋኸው። እንዲህ ያለችኝ እህቴ ናት፣ ታናሽ እህቴ፣ አሁን፣ ቅድም፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ገና አልበረደም። ከዳቦ ፋብሪካው ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የቀኑን ብርሃን በመጋረጃ ጋርጄ ጋደም ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ካልተኛ ሰውም አይደል፤ እስቲ ከአባባ ጋር ላውራ ብዬ ደወልኩ። አባባን አቅርቢልኝ አልኳት፣ ሁልጊዜ እንደምለው። ባለፈው ተኝቷል ብላኝ ነበርና አሁንም ተኝቷል እስክትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «አባባ እኮ ሞቷል» አለችኝ። «ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ቀበርነው። ነግረንሃል።» እኔም ምን እላለሁ? «የትኛው አባባ?» አልኩ። የትኛው አባባ! ስንት አባት አለኝ? ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው? ትጠጣለህ እንዴ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ባለፈው ተኝቷል ያልኩህ ፈርቼህ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው አጎቶቻችን ተቆጥተውኝ ነበር፤ እኔ ግን እዚያ ማን አለው፣ ማን ቤቱ ሄዶ ያረዳዋል ብዬ ነው የደወልኩልህ። እሺ፣ በርቱ አልከኝ። እሺ፣ በርቱ ብለህ ዘጋኸው።»

እሺ፣ በርቱ። አፌ ይሄን እንደሚል አውቃለሁ፣ ሰው ሲያዝን የምለው ነው፣ የጎረቤት ዘመድ ሲሞት የምለው ነው። ለገዛ አባቴ ግን እንዴት አልኩት? ትራሱን ገልብጬ ቀዝቃዛውን ጎን ጉንጬ ላይ አደርጋለሁ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፣ አይቸኩልም፣ ደመወዝተኛ ይመስላል። አንድ ነገር ትዝ ይለኛል ልበል? አንድ ቀን ራሴ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ተኝቼ፣ ስልክ የሆነ ቦታ ሲጮህ፣ የሴት ልቅሶ ከሩቅ ስሰማ፣ ሕልም ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያ ነው? ያ ከሆነ የሰማው ጆሮ የኔ ነው፣ በርቱ ያለው አፍ የኔ ነው፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ሰው እንዴት የአባቱን መርዶ ሰምቶ ወደ ግድግዳ ይዞራል? ጨርቄን ጥዬ መንገድ ላይ መሮጥ ብቻ ነው የቀረኝ። ግድግዳው ኋላ ማሞቂያው ይነሳል፣ ጉርርር ይላል፣ አልጋዬ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሽታውም ይመጣል።

ሽታው። ክፍሌ ከመሬት ዝቅ ያለች ናት፤ መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ቀጥና የተዘረጋች፣ የአላፊ አግዳሚውን ቁርጭምጭሚት የምታሳይ ናት፤ በራስጌዬ በኩል አንዲት ስስ የጣውላ በር አለች፣ ከእሷ ኋላ የቤቱ ሁሉ ማሞቂያና የናፍጣው ጋን ተቀምጠዋል። ክፍሉን ሊያሳየኝ የመጣው የአከራዬ ልጅ የውጭውን በር ሲከፍት አፍንጫውን ጨምደድ አድርጎ «ትንሽ ይሸታል፣ መስኮት ስትከፍት ይወጣል» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስንት ሌሊት ውጭ አድሮ ሲመጣ እኔና እህቴ እየሮጥን ጃኬቱ ውስጥ ፊታችንን እንቀብራለን፣ እናታችን በሕይወት ሳለች «መጀመሪያ ታጠብ እንጂ፣ ልጆቹን ናፍጣ በናፍጣ አደረግሃቸው» ትለዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ «ይሄ እኮ የእንጀራችን ሽታ ነው» ይላታል። ታዲያ ያን ቀን፣ በዚህ ሰው በማላውቅበት ከተማ፣ በሩ ሲከፈት አባባ እንደ ገባ ሆነብኝ። ሌላ ክፍል አላየሁም፣ አልተከራከርኩም፤ ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ ነው ያልኩት። ስንት ሰው ሽታ ሸሽቶ ቤት ይለቃል፣ እኔ ሽታ ወድጄ ገባሁ።

ከላይ አከራዬ ይኖራሉ። በነሱ ቋንቋ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እማማ እላቸዋለሁ። ሽበታቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወርደው ሾርባ ያመጡልኛል። በሬን ያንኳኳሉ፣ ሳህኑን ይሰጡኛል፣ ይወጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያንኳኳሉ፣ ሌላ ሳህን። «ቅድም ሰጥተውኛል» ስላቸው ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ «እንግዲያው ሁለት ብላ» ይላሉ። አንዳንዴ በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። እኔም አቤት እላለሁ፣ ምን ይጎዳኛል? ልጃቸው ግን ይጎዳዋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «እናቴ እየሄደች ነው» አለኝ፣ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሽከርክሮ፤ «የአረጋውያን መኖሪያ እያፈላለግኩላት ነው። ምድጃ ረስታ ቤቱን ታቃጥለዋለች።» አሳዘነኝ፣ እሱም እሳቸውም አሳዘኑኝ። እኔ ራሴ ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳገኝ የከረምኩ ሰውዬ ነኝ፣ ግን የራሴን ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልፌዋለሁ፣ የሳቸውን እርጅና ነው ብዬ።

እህቴ ትጠጣለህ እንዴ ስትለኝ አልጠጣም አልኳት፣ አላመነችኝም። እኔስ ራሴን አምናለሁ? ያን ዕለት ሥራ ገባሁ። እኔ የማቡኪያው ማሽን ላይ ነኝ፤ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ እርሾውን፣ ጨውን የምጨምረው እኔ ነኝ። አባባ ሞቷል፣ ጨው ጨምሬያለሁ? አባባ ክረምት ሳይገባ ሞቷል፣ ጨው አልጨመርኩም መሰለኝ፣ ልጨምር። ጠዋት ስንወጣ አለቃችን ዳቦውን ቆርሶ ቀመሰና ተፋው። ትከሻዬን ብቻ መታ አድርጎኝ አለፈ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ጠበቃው ደረሰብኝ። ጠበቃው ያገሬ ልጅ ነው፣ ማሸጊያ ክፍል የሚሠራ፤ ጠበቃው የምንለው ሕግ ተምሮ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ጋር ተከራክሮ ስላሸነፈና ይህንኑ ሲያወራ ስለሚውል ነው። «አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ «ባለፈው ጨው ረስተህ ለደም ግፊት በሽተኛ ጋገርክ፣ ዛሬ ደግሞ ደጋግመህ ጨምረህ ለፍየል ጋገርክ። ምንድን ነው ነገሩ?» ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ የሥራ ቆቤን በእጄ ጨምድጄ፣ እህቴ ያለችኝን ነገርኩት። አባቴ ሞቶ ረሳሁት አልኩት። አልሳቀም። ዓይኔን ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ስማ» አለኝ፤ «አንተ እኮ እዚህ ሥራ ላይ እየነጋ ሲሄድ ሰው ትሆናለህ። ከቤትህ ስትደውልልኝ ነው የምትንተባተበው፤ እኔም ይሄ ልጅ ተደብቆ ይጠጣል ብዬህ ነበር። ዕረፍት ቀንህ ላይማ የት እንደምትሠራ ጠየቅከኝ እኮ።» ጠየቅኩት? አላስታውስም። «ዛሬ አትተኛም፣ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

ሐኪም ቤቱ ነጭ ነው፣ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ያያል። ነርሷ ደሜን ወሰደች። ሐኪሙ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጠበቃው ይተረጉማል፣ እኔ ስለ ራስ ምታቱና ስለ መርሳቱ እናገራለሁ። ሐኪሙ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ቤትህ የሚሞቀው በምንድን ነው አለኝ። እኔ ስለ እብደቴ ሊነግረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ስለ ማሞቂያ ይጠይቀኛል። በናፍጣ፣ አልኩ። የት ነው ያለው? ከራስጌዬ። ይሸታል? ይሸታል፣ አልኩ፣ እንደ ወንጀለኛ አንገቴን ደፍቼ፣ መውደዴን ያወቀብኝ መስሎኝ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ጠበቃው ሰምቶ ሰምቶ ወደኔ ዞረና «ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ታውቃለህ አይደል? አንተ ያ ሰውዬ ነህ» አለኝ፤ «ልዩነቱ እሱ አንድ ሌሊት ነው፣ አንተ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተቆነጠረልህ ነው። ደምህ ውስጥ ጭስ አለ። መርሳቱም፣ ራስ ምታቱም፣ ሁሉም ከሱ ነው። እዚያ ቤት ዳግመኛ እንዳትተኛ ብሏል።» አላበድኩም ማለት ነው? አላበድክም። ጮቤ መርገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ቤቱ ነው፣ አባባ የሚሸተው ቤት ነው እያልኩ ወለሉን አያለሁ። ከዚያ ቀና አልኩና «እማማስ?» አልኩ። ማሞቂያው እኮ የቤቱ ሁሉ ነው። ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ጠበቃው እዚያው በረንዳው ላይ ስልኩን አወጣ። የቤቶች መሥሪያ ቤት የሚባል አለ፣ ቤት ለሰው የማይሆን ሲሆን መጥቶ የሚያይ፣ አድራሻህን ስጠኝ አለኝ። ሾርባ የሚያመጡልኝን ሴትዮ በመንግሥት ላስከስሳቸው? እኔ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ከሥር የምኖር ሰው ነኝ፤ መኖሬ ሳይታወቅ ብኖር ነው ደስ የሚለኝ። አቤት ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው አንተ ማን ነህ ተብሎ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማውቀው። «መጀመሪያ ለልጃቸው ልንገረው» አልኩት። «ነግረኸው አታውቅም?» ነግሬዋለሁ፤ ጥቀርሻ ግድግዳዬ ላይ ሲወጣ፣ ራሴን ሲያዞረኝ ነግሬዋለሁ፣ አፍንጫህ ነው ብሎኛል። «እንግዲያው ዛሬ ሌሊት እናትየዋ ከነሾርባቸው ቢሞቱ ማነው የሚጠየቀው?» አለኝ ጠበቃው፣ የአውቶቡሱን ክርክር በሚያወራበት ድምፅ ሳይሆን በሌላ፣ ባልሰማሁት ድምፅ። አድራሻዬን ስሰጠው ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ከቤቶች መሥሪያ ቤቱ የተላከችው ተቆጣጣሪ ወፍራም ጫማ ያደረገች አጠር ያለች ሴት ናት፤ በእጇ ራዲዮ የምታህል መሣሪያ ይዛለች። ክፍሌ ገባች፣ መሣሪያው ጢጥ አለ። ወደ አልጋዬ ቀረበች፣ ጢጥ ጢጥ አለ። የጣውላዋን በር ስትከፍታት እሪ አለ፣ ጠበቃው ጆሮውን ያዘ። እሷ ግን ተንበርክካ በባትሪ አየች፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ዝጎ ተሰንጥቋል፣ ጭሱ ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ ወደኔ ይመጣል፤ ጋኑም ከታች ያለቅሳል፣ ናፍጣውን ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ጠጥቶት ኖሯል። ጣቷን መሬቱ ላይ አሳርፋ አሳየችን፣ ጥቁር ነው። ማሞቂያውን አጠፋችው። ጉርርርታው ሲቆም ቤቱ ጭር አለ፤ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቅ ዝምታ። «ሰው ሁሉ አሁኑኑ ይውጣ» አለች።

ያኔ ነው ልጃቸው የደረሰው። መኪናውን አስፋልቱ መሃል ትቶ፣ ደረጃውን እየዘለለ። «ምን ነካክተህ ነው?» አለኝ። ምንም አልነካሁም እላለሁ፣ ግን ነካክቼ ይሆን? ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከት ሰው ቱቦ ቢሰነጥቅ ምን ይደንቃል? «እናቴ እንደ ልጇ ታበላሃለች፣ አንተ ቤቷን ታዘጋለህ! ነገውኑ ዕቃህን አውጥተህ ትሄዳለህ!» ፊቱ ቀልቷል። ይቅርታ አልኩት። ሦስቴም አራቴም ይቅርታ ሳልለው አልቀርም። ተቆጣጣሪዋ በመካከላችን ገባችና እጇን ዘረጋች፤ እንደ ትራፊክ። ለሱ አንድ በአንድ ትነግረዋለች፣ ጠበቃው ከኋላዬ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ያንሾካሹክልኛል፣ የራሱንም እየጨመረ። ዝገቱ የዓመታት ነው፣ ማንም አልነካውም አለች። ቤቱ ለሰው እስኪሆን ድረስ ኪራይ የሚባል የለም አለች፣ ሰማህ? የለም! እስኪጸዳ ድረስ ይሄ ሰው የሚያድርበትን የምታዘጋጀው አንተ ነህ አለችው፣ ሆቴልም ቢሆን፣ አየህ ወንድሜ ሆቴል! አቤት ስላለ ልታስወጣው አትችልም፣ ሕግ ይከለክልሃል። ሲጸዳና ሲታደስ መመለስ ከፈለገ ክፍሉ የሱ ነው፣ ካልፈለገም ዛሬውኑ ውሉን አፍርሶ መሄድ ይችላል፣ ምርጫው የሱ ነው። የኔ? ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። ከሳሽ ነኝ ወይስ ተከሳሽ? ቅድም ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ አሁን አንገቱን የደፋው እሱ ነው። በሕይወቴ መብት የሚባለውን ነገር ራዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ሰው ሆኖ፣ ወፍራም ጫማ አድርጎ፣ ለኔ ሲቆም ግን አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። የማን ቤት ውስጥ ሆኜ ነው ይሄ ሁሉ የሚባልልኝ?

እማማ አልወጣም አሉ። ከላይ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው፤ ልጃቸው ይለምናል፣ ተቆጣጣሪዋ ትለምናለች። «ባሌ በእጁ የሠራው ቤት ነው፣ ከዚህ የምወጣው በሳጥን ነው» ይላሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ አዩኝ።

«አንተ ነህ የጠራሃቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን? ምን አደረግኩህ?»

ስንት ነገር ማለት ፈለግኩ። በኛ ቋንቋ ቢሆን ጉልበታቸውን ይዤ፣ እማማ ብዬ፣ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው ነበር። በሳቸው ቋንቋ ግን ያለችኝ የሥራና የገበያ ቃል ብቻ ናት። ጠበቃው ልተርጉምልህ ብሎ አፉን ሲከፍት ተው አልኩት።

«አባቴ ሞተ» አልኳቸው። «ነገሩኝ። ረሳሁት።»

«ረሳኸው?»

«ረሳሁት። ደግሜ ደወልኩ፣ አባቴን አቅርቡልኝ አልኩ። እብድ ነኝ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ቤቱ ነው አለ። እኔ ከታች እረሳለሁ። እርስዎ ከላይ ይረሳሉ።»

እማማ እጃቸውን አዩ፣ መዳፉን አገላብጠው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ጠዋት ጠዋት ለባሌ ሳህን አቀርባለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። «አቀርብና ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ይታወሰኛል። ለልጄ አልነገርኩትም፤ እሱ ለኔ ቤት እያፈላለገ እንደሆነ አውቃለሁ።» ልጃቸው እንደ ተመታ ሰው ሆነ። ደረጃው ላይ ወርዶ ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። እሳቸው ግን ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አጠፉት፣ ጠርዝ ከጠርዝ አስተካክለው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና «ካፖርቴን አቀብሉኝ» አሉ። ክንዴን ይዘው ነው የወረዱት። ደጃፉ ላይ ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን ሲነካው ቆም አሉና ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ እኔም ሳብኩ።

የሆቴሉ ክፍል ምንም ምንም አይሸትም። ግድግዳው ነጭ፣ አንሶላው ነጭ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ከታች መኪኖች ይሄዳሉ። ገብቼ ከነልብሴ ወደቅኩ። ነቃሁ፣ ደግሞ ተኛሁ፣ ቀን ይሁን ማታ አልቆጠርኩም፤ አለቃዬ እስኪሻልህ ዕረፍት ውሰድ ብሎኛል። አንድ ጠዋት ስነቃ ጫማዬ የት እንዳለ አወቅኩ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ጫማዬ የት እንዳለ ሳላይ ካወቅኩ ስንት ጊዜዬ! መዶሻው የለም። ራሴ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል። ሲጠራ አባባን ሞቶ አገኘሁት። ከዚያ በፊት የማውቀው ሰው እንደነገረኝ ወሬ ነበር፤ አሁን ግን እዚያ ነው፣ የትም አይሄድም፣ ብዞርም ብገላበጥም እዚያ ነው። ያንን ሽታ እየማግኩ አባባ እቤት ነው እያልኩ የተኛሁትን አሰብኩ። የሚያሳፍረው፣ አሁንም ይናፍቀኛል። መርዝ ነው ብለውኝ፣ ጥቁሩን አፈር በዓይኔ አይቼ፣ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ ስፈልገው ሳሙና ብቻ ይሸተኛል። ለምን አልጠራሁም ተቆጣጣሪዋን በጊዜ? በጊዜ ጠርቼ ቢሆን መርዶዬን እሰማው ነበር፣ ምናልባት አፈር ሲያለብሱት እደርስ ነበር፣ ቢያንስ ከእህቴ ጋር አለቅስ ነበር። እሷ ብቻዋን አለቀሰች፣ በርቱ ያልኳት እኔ ነኝ።

ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ ፈራች፣ አባባን አቅርቢልኝ ሊለኝ ነው ብላ፤ በትንፋሿ አወቅኩት። ስለ ቤቱ ነገርኳት፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ደሜ። ብዙውን አልገባትም፣ እኔም ብዙው አልገባኝም፤ እንዳላበድኩና እንዳልጠጣሁ ግን ገባት። «ተመስገን» አለች፣ ደጋግማ። «አሁን ራሴ ደህና ነው» አልኳት። «እንደገና ንገሪኝ። እንዳልሰማ ሰው አርገሽ፣ ከመጀመሪያው።»

«አልችልም» አለች።

«እባክሽ የኔ እህት።»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ተቀመጠች። ነገረችኝ። ያን ጠዋት ደህና ሆኖ ተነስቶ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር አለች፤ የጎረቤታችን መኪና አልነሳ ብሎ ሲጎተጉቱት ሰምቶ፣ ማን ይከለክለዋል፣ ሄዶ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደገነ፣ «ማጣሪያው ነው፣ አጥቡት» አላቸው፤ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ትንሽ ልጋደም አለ። ምሳ ልታቀርብለት ስትገባ ሄዷል። መኪናዋ ተነስታ ኖሮ ጎረቤትየው ሊያመሰግነው ሲመጣ ነው ልቅሶዋን የሰማው። «የምነግርህ አንድ ነገር አለ» አለችኝ፤ «ያን ሰሞን ስትደውል አንድ ነገር እየደጋገምክ ታወራው ነበር። አባባ ስልኩን ዘግቶ፣ ልጁ ደህና አይደለም አለኝ። እኔ ሥራ ደክሞት ነው አልኩት። አይደለም፣ የሆነ ነገር አለ፣ ደህና አይደለም አለኝ። ተቆጣሁት፣ አታሟርት አልኩት። ምናለ ያኔ ሰምቼው ቢሆን!» አባባ ሞተር ሰምቶ በሽታውን እንደሚያውቅ እኔንም በስልክ ሰምቶ አወቀኝ ማለት ነው፣ ሐኪሙ ሳያውቀኝ፣ እኔም ራሴን ሳላውቅ። አለቀስኩ። አፌን በአንሶላ አፍኜ፣ በኋላም ሳላፍን። እሷም አለቀሰች፣ እዚያና እዚህ፣ አብረን። «አሁን ሰማህ?» አለችኝ። «ሰማሁ።» «ማን አለ አጠገብህ?» «ማንም የለም።» «እንደሱ አይሆንም» አለች፣ ከኔ ታንሳለች እንጂ እንደ እናት ናት፤ «ለአንድ ሰው እንኳ ሳትነግር እንዳትውል። ማልልኝ።»

ለጠበቃው ነው የነገርኩት። አውቆት የለ? ግን አሁን እንደ ወጉ ነገርኩት፣ አባቴ አርፏል አልኩት። እሱም የመጀመሪያ ጊዜው ይመስል «አይዞህ፣ መጣሁ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሱ ከፊት ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፤ ከኋላው አለቃችን፣ ገና ያልቀዘቀዘ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ፤ ከሱ ኋላ ካፖርታቸውን የለበሱ እማማ፣ ልጃቸውን ተደግፈው። እንዴት ሰሙ? ጠበቃው የነገረውን ሁሉ ለሁሉ መንገር ይወዳል። ወንበር ያለው አንድ ነው፣ እሱን ለእማማ ሰጠናቸው፤ ሌሎቹ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ልጃቸው ግን አልቀመጥም ብሎ በሩን ተደግፎ ቀረ፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ። «እግዜር ያጥናህ» አለኝ ጠበቃው በኛ ቋንቋ፤ ሌሎቹ ምን እንደሚባል ስላላወቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። ማንም የሚሄድ አልመሰለኝም፣ እኔም እንዲሄዱ አልፈለግኩም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጨውም ልክ ነበር። ከዚያ ልጃቸው ከበሩ ሳይነቃነቅ «አፈሩን እያወጡት ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ጋኑንም ቱቦውንም አስነቅያለሁ። ሲያልቅ ትመለሳለህ?» ወደ እማማ አየሁ። ከወጡ ወዲህ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተመልሷል፣ አስተያየታቸው ይረጋል። «አላውቅም» አልኩት፣ እውነቴን ነው። «ይሁን» አሉ እማማ፣ «ዛሬ የመጣነው ለሱ አይደለም።» ወንበራቸውን ወደኔ ጎተት አደረጉ።

«ስለ አባትህ ንገረን» አሉኝ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከታች በመንገዱ አንድ ከባድ መኪና ማርሽ እየቀየረ አቀበቱን ይወጣል። እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

«ሾፌር ነበር» አልኩ።